የሥራችን አድራሻ በገዛ ስማችን ይሁን

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ መንገድ መብራት፣ ስለ ቆሻሻ መጣያ ነው። ዛሬ ግን ለአንዳንዶቻችሁ የወጣቶች ጨዋታ የሚመስል ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም ለአነስተኛ ባለሙያ በአቅሙ የሚሆን ድረ ገጽ ማግኘት ነው። ጨዋታ አለመሆኑን ከጎረቤታችን ታሪክ እንረዳለን።

እኚህ ጎረቤታችን አናጢ ናቸው። «ስሜ አይጠራ እንጂ የደረሰብኝ ይነገር፤ ሌላው ይማርበት» ብለውናል። ሱቃቸው ከዋናው መንገድ ዳር ነበረ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ በአዲስ አበባ ሲጀመር ቦታው ለመንገዱ ስለ ተፈለገ ከውስጥ ሰፈር ግቢ ተከራይተው ገቡ። እጃቸውም መጋዛቸውም ያው ነው፤ ደንበኛው ግን ጠፋ። ለልጃቸው ሠርግ ቁም ሣጥን ሊያሠሩ የመጡ አንድ የድሮ ደንበኛ የሱቁን ቦታ ባዶ አግኝተው «ሰውየው ሥራውን ትቶታል» ብለው ለሌላ አናጢ ሰጡት። ጎረቤታችን ይህን የሰሙት ከሠርጉ በኋላ፣ ያውም ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ነው።

በዚህ የተነሣ አንድ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወጣት ፈልገው ድረ ገጽ አሠሩ። ስልካቸው፣ አዲሱ አድራሻቸው፣ የሠሯቸው ቡፌና አልጋዎች ፎቶግራፍ ወጣ። በእውነቱ ጠቀማቸው። ሰፈራችንን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ከከተማው ማዶ ደወለ። በውጭ ሀገር ሆኖ እዚህ ቤት የሚያሠራ አንድ ሰው የስድስት በር ሥራ ሰጣቸው። አድራሻውን በደረሰኛቸውም በታፔላቸውም አስጻፉት። በሁለተኛው ዓመት ግን ገጹ አንድ ቀን ጠዋት ጠፋ። ነገሩ ሲጣራ ስሙ የተመዘገበው በወጣቱ ስምና በወጣቱ ኢሜይል ኖሯል። ወጣቱ ወደ ውጭ ሄዷል። «ዓመታዊ ክፍያዎ ደርሷል» የሚለው ማስታወቂያ ሲመጣ የቆየው ለእርሱ እንጂ ለእሳቸው አልነበረም። ተንኮል አልነበረበትም፤ ግን ቤቱን የሠራው ሰው ካርታውን በራሱ ስም አውጥቶ እንደ ሄደ ቁጠሩት። ሱቃቸውን ካጡ በኋላ አድራሻቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አጡ።

እንግዲህ «ድረ ገጽ ምን ያደርጋል፣ ይቅርብን» ማለት አይደለም። የሚሻለው ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ነው። የድረ ገጽ ወጪ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ስሙ ነው፤ ዶሜይን ይሉታል። የቤት ቁጥር እንደ ማለት ነው። አይሸጥም፣ በየዓመቱ ይከራያል። በነጥብ ኮም የሚያልቀው ስም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 የአሜሪካ ዶላር ይጠይቃል። የሀገራችን መለያ ነጥብ ኢቲ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሁለተኛው ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሆስቲንግ የሚባለው፣ ማለት የመሬቱ ኪራይ ነው። ሦስተኛው የሠሪው የእጅ ዋጋ ነው።

ድረ ገጽ የመሥራት ጥበብ ራሱ ገንዘብ አይከፈልበትም። ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም የፈጠሩትን ይህን ዘዴ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቆታል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለው ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያም ነፃ ነው። ስለዚህ አንድ ሠሪ «የፕሮግራሙ ዋጋ ይህን ያህል ነው» ብሎ ትልቅ ሒሳብ ቢያቀርብ «የትኛው ፕሮግራም ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚከፈለው ለሰው ድካምና ለኪራይ ነው።

በሆስቲንግ በኩል አንድ ማጥመጃ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት በጣም ርካሽ ዋጋ ይጠራና ሲታደስ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው «ዘንድሮ ስንት ነው?» ሳይሆን «ለከርሞስ ስንት ነው?» መሆን አለበት። በተጨማሪም ክፍያው በዶላር ከሆነ የብሩን ነገር አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የእድሳቱን ገንዘብ እንደ ዕቁብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ ይሻላል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለውም በብር ተቀብለው የሚያስመዘግቡ የሀገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ።

«ታዲያ ቴሌግራምና ፌስቡክ በነፃ እያሉ ምን አደከመን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ደንበኛ እዚያ ካለ እዚያ መገኘት ነው፤ ማንም ያንን ተዉ አይልም። ግን በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በሀገራችን ተዘግተው እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል፣ ቆይተዋል። ሥራውን በዚያ ብቻ የያዘ ሰው ያን ጊዜ ደንበኛው ሊያገኘው የሚችለው በአቋራጭ ነበር። ጉግልም ለትንንሽ ንግዶች በነፃ ያዘጋጅላቸው የነበሩትን ድረ ገጾች በ2016 ዓ.ም. ዘግቷቸዋል። በሰው ግቢ ያለ ኪራይ የሚቀመጥ ሰው፣ ውጣ ሲባል ይወጣል።

እውነቱን እንነጋገርና ድረ ገጽም ከሁሉም አያድንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ የነጋዴው ድረ ገጽም አልታየም። ስለዚህ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ታፔላ አትውረድ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ምን ዓይነት ገጽ ነው የሚያስፈልገን? ለአንድ በያጅ፣ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ወይም ለአንድ የቧንቧ ሠራተኛ አንድ ገጽ ይበቃል። በገጹ ላይ ስም፣ ሙያ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት ይጻፍ። ቦታው ሰው በሚያውቀው ምልክት ይገለጽ፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» የሚለው ከመንገድ ቁጥር ይልቅ ያደርሳል። የሠራችሁትን ሥራ ፎቶግራፍ፣ ከስድስት እስከ አሥር፣ አውጡ፤ ከኢንተርኔት የተለቀመ የሌላ ሰው ሶፋ ግን አታውጡ፤ ደንበኛው ያንኑ ሥሩልኝ ብሎ ይመጣል። የደንበኛውን ቤት ወይም ፊት ሳታስፈቅዱ አታሳዩ። መነሻ ዋጋ መጻፍ ብዙ የከንቱ ስልክ ያስቀራል፤ ዋጋው የተጻፈበት ቀን ግን አብሮ ይኑር፤ የዕንጨትና የብረት ዋጋ እንደሚለዋወጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ጽሑፉ በፊደል ይጻፍ እንጂ በፎቶግራፍ ላይ የተሳለ አይሁን። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ገብቷል። በመሆኑም «አናጢ» ብሎ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው በአማርኛ የተጻፈውን ገጽ ያገኘዋል። በፎቶግራፍ ላይ ያለን ጽሑፍ ግን መፈለጊያው እንደ ፊደል አያነበውም ብላችሁ አስቡ። የዛሬ ስልክ የሚያነሣው ፎቶግራፍ ከባድ ስለሆነ ሳይቀነስ ከወጣ ገጹ እስኪከፈት ደንበኛው ሰልችቶ ይሄዳል፤ ዳታውንም ይበላበታል። ገጹን ስትረከቡ በሠሪው ኮምፒዩተር ሳይሆን በራሳችሁ ስልክ፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ሰዓት፣ ከፍታችሁ እዩት።

የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ዘፈን፣ ዕቃ የሚሸጥበት ሙሉ ሱቅ አሁን አያስፈልጋችሁም። «ጉግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ» ብሎ ዋስትና የሚሰጥንም አትመኑት፤ ቃሉን የሚጠብቅበት ሥልጣን በእጁ የለም። በጉግል ካርታ ላይ የሥራ ቦታን ማስመዝገብ ግን በነፃ ነው፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ ብቻ ይጠይቃል። እንዲያውም ደንበኞቿ ሁሉ የሰፈሩ ሰዎች ለሆኑላት እንጀራ ሻጭ ካርታው ይበቃታል፤ ለድረ ገጽ ገንዘቧን አታውጣ።

ከሠሪው ጋር ስትዋዋሉ አራት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ ስሙ በእናንተ ስም፣ በእናንተ ኢሜይልና በእናንተ ስልክ ይመዝገብ። ኢሜይል ከሌላችሁ መጀመሪያ እርሱ ይከፈት። ሁለተኛ፣ የመግቢያ ቃሎቹ ሁሉ ገንዘቡ ተከፍሎ ሲያልቅ በወረቀት ተጽፈው ይሰጧችሁ። ሦስተኛ፣ የሁለተኛው ዓመት ወጪ በቁጥር ይታወቅ። አራተኛ፣ ስልክ ቁጥር ወይም ዋጋ ሲለወጥ ማን እንደሚያስተካክልና በስንት እንደሚያስተካክል ይነገር። ነጥብ ኮም የመሰሉ ስሞች ባይታደሱና ቢሰረዙ እንኳ ማስመለሻ 30 ቀን አለ፤ ክፍያው ግን ከባድ ነው፤ መጠየቅ የሚችለውም ስሙ የተመዘገበለት ሰው ነው። ጎረቤታችን ያጡት ይህንን መብት ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለን። አሥር ባለሙያዎች አሥር ስምና አሥር ቦታ ከሚከራዩ በማኅበሩ ስም አንድ ስም ተመዝግቦ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ቢሰጥ ዓመታዊው ወጪ ለአሥር ይከፈላል። ሥራው የሰፋለት በኋላ የራሱን ስም ያውጣ። ቁልፉ ግን እንደ ዕድር ሣጥን ከአንድ ሰው በላይ እጅ ይሁን፤ ጸሐፊውም ሒሳብ ያዡም ይያዙት፤ የእድሳቱ ቀንም በዚህች ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሥራውን ለመሥራት በሰፈራችን ኮምፒዩተር የተማሩ ልጆች አሉ። «የሰፈርህ ነውና በነፃ ሥራ» አንበላቸው። በነፃ የተሠራ ነገር ሲበላሽ ጠያቂ የለውም፤ ልጆቹም ሙያቸው እንጀራቸው ነው።

ነገሩን የሚፈልግ ባለሙያ ስሙንና ሙያውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንነጋገርበታለን። አናጢው ጎረቤታችንም ተገኝተው የደረሰባቸውን በአፋቸው ሊነግሩን ፈቅደዋል። እስከዚያው ግን እሳቸውን የምትፈልጉ ሁሉ ሥራቸውን አልተዉም፤ ከውስጥ ሰፈር ግቢ ውስጥ ናቸው፤ የመጋዙ ድምፅ ያደርሳችኋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ስለዚህኛው ድር ባያውቁም፣ ምክራቸው ለዚህም ይሠራል።