«አንድ ሰዓት» በማን ሰዓት?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አጭር ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ «ስንት ሰዓት ላይ?» የምትል ናት። ቀላል ትመስላለች፤ መልሷን መሳሳት ግን የሰው እጅ፣ እግር ወይም አንደበት ሊያስከፍል ይችላል።

አጎቴ ታክሲ ነጂ ነው። እንደ ብዙዎቹ የላስ ቬጋስ ኢትዮጵያውያን ሌሊቱን ሙሉ ሰው ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ካዚኖ ሲያመላልስ ያድርና ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይገባል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጧትም እንዲሁ ገባ። ከባለቤቱ ጋር ፍርፍር በላ፤ ቡና ጠጣ። ባለቤቱን እኔ እትዬ ነው የምላት። እትዬ ሳህን ልታጥብ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ስትመለስ ስኒው ምንጣፉ ላይ ወድቋል። የአጎቴ አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ሊናገር ሲሞክር ምላሱ ይተሳሰራል።

«ምች መታው!» አለች እትዬ። ምች ማለት በአገራችን ፀሐይ ወይም ሽታ ሲመታን ይይዘናል የሚባል ሕመም ነው። መድኃኒቱም ዳማከሴ የሚባል ቅጠል ነው። እትዬ በረንዳዋ ላይ ዳማከሴ ተክላለች። ልትቀጥፍ ስትነሣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ከእንቅልፏ ነቅታ መጣች። ትምህርት ቤት የተማረችው ትዝ አላትና «አባዬ፣ እስቲ ፈገግ በል፤ ሁለቱንም እጅህን አንሣ» አለችው። የፊቱ ግማሽ ብቻ ፈገግ አለ። አንድ እጁ ብቻ ተነሣ። ወዲያው 911 ደወለች።

እኔ ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ እየጠየቀ ነበር፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ልጅቷ ለእናቷ ተረጎመችላት። እትዬም «አንድ ሰዓት ላይ አብረን ቡና ስንጠጣ ምንም አልነበረውም» አለች። ልጅቷ «አንድ ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ነርሷም እንደሰማችው ጻፈች። የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 8:30 ይላል። ከሌሊቱ 1:00 ጀምሮ ከሆነ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል ማለት ነው።

የእኔ ሥራ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በእኛ ሙያ አንዱ ኮምፒውተር በኔቫዳ ሰዓት፣ ሌላው በለንደን ሰዓት ሲመዘግብ ብዙ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ የተጻፈ ሰዓት ባየሁ ቁጥር «የማን ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል። «እትዬ፣ አንድ ሰዓት በማን?» አልኳት። «በእኛ ነዋ! ፀሐይ ወጥታ!» አለችኝ።

በሐበሻ ሰዓት የቀን ቆጠራ የሚጀምረው ንጋት ላይ ነው። የእኛ አንድ ሰዓት የፈረንጅ 7:00 ነው። ለሐኪሙ ነገርኩት። ነርሷ የጻፈችውን ሰርዛ አስተካከለች። ሰባት ሰዓት ተኩል የነበረው አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ሐኪሞቹ ወዲያው መሯሯጥ ጀመሩ።

ይህ ልዩነት ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ስትሮክ የሚባለው አንጎል በድንገት ደም ሲያጣ ወይም ውስጡ ደም ሲፈስ የሚመጣ ሕመም ነው። በአሜሪካ ከመቶ ስትሮክ 87 ያህሉ የሚመጣው የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ሲዘጋ ነው። ደም ሲረጋ ፋይብሪን የሚባል ክር የሚመስል ፕሮቲን መረብ ይሠራል። ጣታችን ሲቆረጥ ይህ መረብ ደማችንን ያቆምልናል፤ ባለውለታችን ነው። አንጎል ውስጥ ሲሆን ግን መንገድ ይዘጋል። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቀር በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ።

ሰውነታችን ይህን መረብ የሚፈታበት መንገድም አለው። ቲፒኤ የሚባል ኢንዛይም አለን። እሱ ራሱ መረቡን አይቆርጥም፤ ደም ውስጥ የተኛ ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰው ፕሮቲን ፕላዝሚን ይባላል፤ እንደ መቀስ ሆኖ ፋይብሪንን የሚቆራርጠው እሱ ነው። ችግሩ ሰውነታችን በራሱ የሚያመነጨው ቲፒኤ ለትልቅ የረጋ ደም አይበቃም። የቤልጂጉ ተመራማሪ ዴዚሬ ኮለን እና ባልደረቦቹ ከካንሰር ሕዋሳት ላይ ቲፒኤን አጥርተው ማውጣት ቻሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በካሊፎርኒያ ጄነንቴክ ኩባንያ የምትሠራው ዳያን ፔኒካ የቲፒኤን ዘረ መል ነጥላ አወጣች። ከዚያ በኋላ ይህን የሰው ፕሮቲን ላቦራቶሪ ውስጥ በብዛት ማምረት ተቻለ። መጀመሪያ፣ በ1987፣ ለልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ለሚመጣው ሕመም ተፈቀደ።

ለስትሮክ የተፈቀደው በ1996 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የታተመ ትልቅ ጥናት መድኃኒቱን በሦስት ሰዓት ውስጥ ካገኙት ሰዎች ብዙዎቹ ከሌሎቹ በተሻለ እንደዳኑ አሳየ። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ጊዜውን ወደ አራት ሰዓት ተኩል አራዘመው። ነገር ግን መድኃኒቱ ባለ ሁለት ስለት ነው። በ1995ቱ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ ስድስት ያህሉ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሁኔታቸው ተባብሷል። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ጥቅሙ እየቀነሰ አደጋው እየጎላ ይሄዳል። ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ላይ?» እያለ የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

አጎቴን በሲቲ ስካን አዩት፤ የፈሰሰ ደም የለም። የደም ግፊቱ ግን በጣም ከፍ ብሎ ነበር። መድኃኒቱን ለመስጠት ግፊቱ ከ185 በ110 በታች መሆን ስላለበት መጀመሪያ እሱን አወረዱለት። ከዚያ ቲፒኤውን በደም ሥሩ ሰጡት። ማታ ላይ የልጁን ስም አስተካክሎ ጠራ። እትዬ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

በኋላ እንደሰማነው የግፊት ክኒኑን ካቆመ ወራት አልፎት ነበር። «ደም ብዛቴ ሲነሣብኝ እወስደዋለሁ» ይል ነበር። ደም ብዛት የደም ግፊት የቆየ ስሙ ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። ደሙ አይበዛም፤ የሚበዛው ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። «ሲነሣ» አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ራስንም አያዞርም። ዝም ብሎ ለዓመታት የደም ሥርን ይጎዳል።

አጎቴ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌላም ክኒን ይዞ መጣ፤ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ስታቲን። የስታቲን ታሪክ እትዬን በጣም አሳቃት። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ከ1971 ጀምሮ ከስድስት ሺህ በላይ የሻጋታና መሰል ዘሮችን አንድ በአንድ መረመረ። በመጨረሻ ከሩዝ ላይ የተገኘ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ውስጥ የፈለገውን አገኘ። ይህ ንጥረ ነገር ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል። ጉበትም ኮሌስትሮል ሲያጥረው ከደም ውስጥ እየለቀመ ይወስዳል፤ ደሙ ይጠራል። እትዬ ይህን ስነግራት «እኛ እንጀራው ሻገተ ብለን ስንጥል ለካስ መድኃኒት ኖሯል!» አለችኝ። እንጀራው ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ሻጋታ ነው፣ እንዳትበይው ብያታለሁ።

ልጆች፣ አሁን ለእናንተ። ብዙዎቻችሁ የቤታችሁ አስተርጓሚዎች ናችሁ። ይህን ያዙልኝ።

ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከሰነፈ፣ ንግግር ከተኮላተፈ 911 ደውሉ። ንግግሩን ስትፈትኑ ሰውየው አፍ በፈታበት ቋንቋ ፈትኑት። ዳማከሴም አስፕሪንም አትስጡ፤ ስትሮኩ ደም የፈሰሰበት ከሆነ አስፕሪን ያባብሰዋል።

«መቼ ጀመረው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት መቼ ነው?» በሉ። ሰውየው ተኝቶ ሕመሙን ይዞ ከነቃ መልሱ የነቃበት ሰዓት አይደለም፤ ደህና ሆኖ የታየበት የመጨረሻው ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ቢርቅም ተስፋ ቆርጣችሁ ቤት አትቅሩ። አንዳንድ ሕመምተኞች የረጋው ደም በቀጭን ቱቦ ተጎትቶ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊወጣላቸው ይችላል።

ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የእናንተ ሥራ የአባት ወይም የእናት እጅ መያዝ ነው። አስተርጓሚው እስኪመጣ ግን ሰዓት ስትናገሩ «ጧት» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ቃል አትርሱ።

አጎቴ አሁን ይናገራል፣ ይራመዳል። የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ግን ቀኝ እጁ ያስቸግረዋል፤ ሌሊት መንዳትም ትቷል። ልጅቷ የዚያን ቀን ስህተቷን እያሰበች ብዙ ጊዜ አዝናለች። እኔም «አንቺ ባትደውዪ ኖሮ የሚስተካከል ሰዓትም አይኖርም ነበር» እላታለሁ። በቅርቡ ቤታቸው ስሄድ ፍሪጁ በር ላይ በራሷ የአማርኛ ጽሑፍ አንድ ወረቀት ለጥፋ አየሁ። የአባቷ ክኒኖች ስምና የሚወስድበት ሰዓት ነው። ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን በቅንፍ «በእኛ» ብላ ጽፋለች።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።