ስለ ዘረመል አርትዖትና ስለ ዘራችን ባለቤትነት የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በቀበናና በአካባቢው የምንኖር የግብርና፣ የሥነ ሕይወትና የሕግ ባለሙያዎች፣ የሕያዋንን ዘረመል ስለ ማረምና እንደ አዲስ ስለ መጻፍ በማኅበራችን ጉባኤ ተወያይተን የሚከተለውን አቋም ይዘናል።

የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የጂን ባንክ የሚገኘው እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ባንክ ከ80 ሺህ በላይ የዘር ናሙናዎችን ይዟል። ገብሱ፣ ጤፉ፣ ማሽላው ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ፎይል ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ክፍል ተደርድሯል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ዛሬ ግን ፍሬው ከመደርደሪያው ሳይነሳ፣ የዘረመል ቅደም ተከተሉ ተነብቦ በኮምፒዩተር መረጃነት ዓለምን ሊዞር ይችላል። የሚያሳስበን ይህ ነው።

የገብሳችን ታሪክ ምስክር ይሁን። በጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ገብስ ሰብስበው ወሰዱ። ከዚያ ውስጥ ቅጠልን ነጭ ዱቄት የሚያለብሰውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ተገኘ፤ ኤምኤልኦ የሚባለው ጂን በተፈጥሮ ሥራውን አቁሞበት ነበር። ይህ ጠባይ ከጊዜ በኋላ በአውሮፓ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች በጂን አርትዖት ይህንኑ ጂን በስንዴ ላይ ዘግተው ሻጋታውን የሚቋቋም ስንዴ ሠሩ። በስንዴው ውስጥ የእኛ ገብስ የለም። ጂኑ ቢዘጋ በማሳ ላይ ምን እንደሚያተርፍ ካሳዩት አንዱ ግን አርሶ አደሮቻችን በትውልድ ቅብብል ያቆዩት ገብስ ነበር።

ስለዚህ ከኢትዮጵያ ዘር የተነበበ መረጃ እንደ ዘሩ ሁሉ በውል እንዲተዳደር፣ አዋጁም ይህን በማያሻማ ቃል እንዲደነግግ እንጠይቃለን። እ.ኤ.አ. በ2024 በካሊ ከተማ በተደረገው የብዝኃ ሕይወት ጉባኤ በእንዲህ ያለ መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ እንዲቋቋም ተወስኗል። መዋጮው ግን በበጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ለእኛ አይበቃንም። በፍርድ ቤት መሟገትም ጊዜ ይፈጃል፤ በጤፍ ላይ በአውሮፓ የወጣውን የባለቤትነት መብት የሔግ ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ያለው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነበር።

ቴክኖሎጂውን አንቃወምም። ጤፍ ፍሬ ሲይዝ አገዳው እየተጋሸበ ምርት እንደሚያሳጣ ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት፣ ክሪስፐር በሚባለው የጂን አርትዖት ዘዴ አንድ የቁመት ጂን ተዘግቶ ቁመቱ ያጠረና መጋሸብን የሚቋቋም ጤፍ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ሥራ በአገራችን ላቦራቶሪዎች፣ በአገራችን ተመራማሪዎች እጅ ሲሠራ ማየት እንፈልጋለን። ለዚህም በጀት ይመደብ።

ዘረመላቸው ስለ ተለወጠ ሕያዋን የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ላላ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተባይ የሚቋቋመው ልውጥ ጥጥ ተፈቀደ። ለዓለም አቀፉ የደኅንነተ ሕይወት ስምምነት፣ ለካርታኼና ፕሮቶኮል፣ የታገሉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ያስተማሩን ቅድመ ጥንቃቄ ምርምርን ሳያግድ ሊጠበቅ ይችላል ብለን እናምናለን። ጥንቃቄው ገበያንም ይመለከታል፤ ቡርኪና ፋሶ ልውጥ ጥጧን የተወችው የጥጡ ጭረት አጥሮ ገበያ ላይ ስላከሰራት ነው። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው አካል የአካባቢ ደኅንነትን ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ኪስም ይመርምር፤ የተፈቀደበትን ምክንያት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ለሕዝብ ያውጣ።

ሙሉ ዘረመሉ እንደ አዲስ የተጻፈ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በካምብሪጅ ተሠርቷል። ይህ እውቀት ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ወርዶ በከተማው መሐል አልፎ ከአቃቂ ይቀላቀላል፤ በአቃቂ ውኃ ደግሞ አትክልት ይለማል። በመሆኑም በተለወጡ ረቂቅ ሕዋሳት የሚሠራ ማንኛውም ላቦራቶሪ፣ ፍሳሹን ከመልቀቁ በፊት ሕዋሳቱን ሙሉ በሙሉ እንደሚገድል በምርመራ ሳያረጋግጥ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም፤ የምርመራው ውጤትም በወንዙ ዳር ለሚኖረው ነዋሪ ክፍት ይሁን።

ቀበና፣ አዲስ አበባ