ጊንጥ ሁሉ አንድ አይደለም

የተፋሰስ ልማት ሥራ በተጀመረ ቁጥር ድንጋዩን የሚያነሣውም የሚክበውም የአርሶ አደሩ እጅ ነው። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ጊንጥ አለ። ዶማና አካፋ ሲከፋፈል ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ መታረም ያለበት ጉዳይ ነው።

«ጊንጥ ያው ጊንጥ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ የጊንጥ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ለሰው ሕይወት የሚያሰጉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሀገራችን ከበረሃ እስከ ደጋ የተለያየ የአየር ጠባይ ስላላት የጊንጦቿም ዓይነት ብዙ ነው። አንዱማ በሳይንስ ስሙ «ፓራቡተስ አቢሲኒከስ» ተብሎ በቀድሞው የሀገራችን ስም ይጠራል፤ ጅራቱ ወፍራም ነው። የ«ፓንዲነስ» ወገን የሆኑት ደግሞ ግዙፎች ናቸው፤ ሲታዩ ያስደነግጣሉ እንጂ መርዛቸው ያን ያህል አይደለም።

ብዙዎቻችን ትልቁን ፈርተን ትንሹን እንንቃለን። ነገሩ ግን በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። መቆንጠጫው ደንዳና የሆነው የሚያድነውን በጉልበቱ ይይዛል። መቆንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም የሆነው ግን በመርዙ ስለሚተማመን ይበልጥ ያሰጋል። ይህ መለያ ፍንጭ እንጂ ዋስትና ስላልሆነ የትኛውንም ጊንጥ በእጅ መንካት አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ድንጋይ በዶማ ወይም በዘንግ ተገልብጦ እንዲነሣ ያስተምሩ። የወረዳው ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች በአካባቢያቸው የሚገኙትን ዓይነቶች በጋራ ይመዝግቡ። ይህ ከባድ አይደለም፤ ጊንጥ ባንኮች ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ዓይነት መብራት ሲታይ በጨለማ ያበራል። የት ቦታ የትኛው እንደሚበዛ ከታወቀ ጤና ጣቢያውም አስቀድሞ ይዘጋጃል።

የተነደፈን ሰው በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቦታውን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። በተለይ ሕፃን ከተነደፈ፣ ወይም የተነደፈው ሰው ካስመለሰው፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ መተንፈስ ካቃተው ለደቂቃም መዘግየት የለበትም።

ጊንጥ ነፍሳትን እየበላ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ከማሳ ፈጽሞ እናጥፋው ማለትም አይበጅም። የሚበጀው ለይቶ ማወቅና እጅን መጠበቅ ነው። ለእርከኑ ርዝመት ዕቅድ የሚያወጣ ወረዳ፣ እርከኑን ለሚሠራው እጅም ዕቅድ ሊኖረው ይገባል።