ቦታው ይከበር፣ ክፍያው ግን አይቅር

እ.ኤ.አ. በ2017 የካሊፎርኒያ ግዛት ኦዲተር ይፋ ባደረገው ሪፖርት ውስጥ አብረው ሊሄዱ የማይችሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የአካል ጉዳተኞች መኪና ማቆሚያ ካርድ በስማቸው ከተመዘገበላቸው የግዛቱ ነዋሪዎች መካከል 26,000 የሚጠጉት ዕድሜያቸው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው ይላል መዝገቡ። በግዛቱ በሕይወት እንዳሉ የሚገመቱት የዚህ ዕድሜ ሰዎች ግን በጠቅላላው 8,000 ገደማ ነበሩ። ኦዲተሩ የካርዱን መዝገብ ከሟቾች መዝገብ ጋር ሲያመሳክር ደግሞ ባለቤቶቻቸው ሳያርፉ ያልቀሩ 35,000 ያህል ቋሚ ካርዶችን አገኘ። እንዲህ ያለውን ካርድ ልጅ ይሁን የልጅ ልጅ ወይም ጎረቤት፣ እጁ የገባለት ሁሉ በመኪናው ስፖኪዮ ላይ አንጠልጥሎ መሀል ከተማ ቀኑን ሙሉ ሊያቆምበት ይችላል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚደርስበት ፍርድ ኅሊና ጠፋ የሚል ነው። ፍርዱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በኦሪገንም ሆነ በሚሺጋን የሰው ኅሊና ሳይለወጥ የካርዱ አጠቃቀም በአንድ ሕግ መሻሻል ብቻ ሲለወጥ ታይቷል። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ካርዱ በተሠራበት መንገድ ላይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ካርዱ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን፣ ማለትም ቅርብ ቦታ ማግኘትንና ከክፍያ ነፃ መሆንን፣ አንድ ላይ አስሮ ይሰጣል። መለያየት አለባቸው።

የመጀመሪያው መብት ነው፤ ማንም ሊደራደርበት አይገባም። በአሜሪካ ካርዱን የሚሰጡት ግዛቶች ቢሆኑም፣ ለማን ይገባል የሚለውን የፌዴራሉ መንግሥት በ1991 ባወጣው ደንብ አንድ ወጥ አድርጎታል። 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ያህል፣ ሳያርፍ መራመድ የማይችል፣ ያለ ምርኩዝ ወይም ያለ ሰው ድጋፍ የማይንቀሳቀስ፣ ኦክሲጅን ይዞ የሚዞር፣ ልቡ ወይም ሳንባው ክፉኛ የታመመ ሰው ሐኪም መስክሮለት ይወስዳል። ሰማያዊው ካርድ ቋሚ ነው፤ ቀዩ ከስድስት ወር የማያልፍ ጊዜያዊ ነው። በ1990 የተፈረመው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግና መመሪያዎቹ ደግሞ 25 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ እንኳ ቢያንስ አንድ ቦታ እንዲለይ፣ ከቦታውም ጎን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያለው፣ በሰያፍ መስመር የተቀባ ባዶ መሬት እንዲተው ያዝዛሉ። ዊልቸር ከመኪና የሚወርደውና ተመልሶ የሚወጣው በዚያ ባዶ መሬት ላይ ነው። አንድ ሰው “ለሁለት ደቂቃ ብቻ” ብሎ መኪናውን እዚያ ቢያስጠጋ፣ ጉዳዩን ጨርሶ የተመለሰው ባለ ዊልቸር የገዛ መኪናው ውስጥ መግባት አይችልም። ፀሐይ ላይ ወይም ዝናብ ላይ ቆሞ ያላየውን ሰው ይጠብቃል። ለዚህ ዓይነቱ በደል ቅጣት ይብዛ ቢባል የምቃወምበት ምክንያት የለኝም።

ሁለተኛው ነገር፣ ከክፍያ ነፃ መሆኑ፣ መብት ሳይሆን ገንዘብ ነው። በካሊፎርኒያ ካርዱን የያዘ መኪና የመንገድ ዳር ቆጣሪ ካለበት ቦታ ሁሉ ሳይከፍል፣ ያለ ጊዜ ገደብም ይቆማል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። የመሀል ከተማ ቆጣሪ በሰዓት 4 ዶላር ቢያስከፍል፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ለሚያቆም ሰው ካርዱ 8,000 ዶላር ያወጣል። ያለ አግባብ ሲጠቀም ለተያዘ ሰው በግዛቱ ሕግ የተደነገገው መቀጫ ግን ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ነው። መያዙም ራሱ ከባድ ነው፤ ካርዱ እውነተኛ፣ ፊርማውም እውነተኛ ሊሆን ይችላልና። መቆጣጠር የሚቻለው ባለቤቱ መኪናው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ቆሞ በመጠበቅ ነው፤ ለዚህ የሚበቃ ፖሊስ ያለው ከተማ የለም። በ1999 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 19 የነበሩና ያሉ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ካርዱን በማጭበርበር አውጥተዋል ተብለው ሲከሰሱ አገር ጉድ አለ። በሜዳ ላይ ጉልበታቸው የሚደነቅ ወጣቶች መራመድ አንችልም ብለው ማመልከታቸው ያሳፍራል። ከእፍረቱ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ፈተናው ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። ለአንድ ወረቀት 8,000 ዶላር ዋጋ ሰጥቶ የአንድ ሐኪም ፊርማ ብቻ ዘብ ማቆም፣ ደጁን ከፍቶ ሌባ ገባ እንደማለት ነው። ሐኪሙም ቢሆን ለዓመታት የሚያውቀው ደንበኛው ጉልበቴን አመመኝ ሲለው እምቢ የሚልበት አንጀት የለውም፤ እምቢ ቢል የሚያተርፈው ነገር የለም፣ ቢፈርም ደግሞ የሚጠይቀው ሰው አይመጣም።

ነገሩ በዋጋ የሚመራ መሆኑን የሚያሳየው ዋጋው ሲነሳ የሆነው ነው። ሚሺጋን በ1995 ካርዱን ለሁለት ከፈለችው። ቅርብ ቦታው ለሁሉም ባለ ካርድ ቀጠለ፤ ከክፍያ ነፃ መሆን ግን ሳንቲም ቆጣሪ ውስጥ ለማስገባት እጁ ለማይታዘዝለት፣ ከ107 ሳንቲ ሜትር በላይ ለማይደርስ፣ ከስድስት ሜትር በላይ ለማይራመድ ሰው ብቻ ተወሰነ። የመኪና ማቆሚያን ኢኮኖሚ ዕድሜ ልኩን ያጠኑት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ እንደጻፉት፣ ቀድሞ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ካርድ በነበረበት ግዛት አዲሱን የነፃ ክፍያ ካርድ ያመለከቱት 10,000 ገደማ ብቻ ሆኑ። የኦሪገኗ ፖርትላንድ በ2014 አብዛኛው ባለ ካርድ እንዲከፍል ስትወስን፣ በመሀል ከተማ ካርድ አንጠልጥለው የሚቆሙ መኪኖች ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀነሰ። ኢሊኖይ በዚያው ዓመት የሚሺጋንን መንገድ ተከተለች። እሷን የገፋት ደግሞ ቺካጎ የመንገድ ቆጣሪዎቿን በ2008 ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ለግል ኩባንያ ካከራየች በኋላ፣ በካርድ በነፃ ለቆሙ መኪኖች ኩባንያው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ካሳ እየጠየቃት መቸገሯ ነበር። በፖርትላንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመምተኛው ሁሉ አልዳነም። የጠፉት መኪኖች አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም ቅርብ ቦታ የማያስፈልጋቸው ነበሩ፤ የለቀቁት ቦታም በእርግጥ መራመድ ለማይችለው ክፍት ሆነለት።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ብርቱ ተቃውሞ ማለፍ አልሻም። አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ድሆች ናቸው፤ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ነው፤ መድኃኒቱ፣ አስታማሚው፣ ለእጅ ብቻ የተሠራ የመኪና መንጃው ሁሉ ወጪ ነው። በዚህ ላይ የማቆሚያ ክፍያ መጨመር ጭካኔ አይሆንም ወይ ይላሉ ተቃዋሚዎቹ። ድህነቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ይህ አይደለም። ከነፃ ማቆሚያ የሚጠቀመው መኪና ያለው፣ ያውም ውድ በሆነው መሀል ከተማ የሚያቆም ሰው ነው። ከአካል ጉዳተኞች መካከል ከሁሉ የደኸየው አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ ዓይነ ስውሩ፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ነው፤ እሱ ከዚህ ስጦታ አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። ከተማው በቆጣሪ የሚያጣው ገንዘብ ቢሰበሰብ የተሰበረ የእግረኛ መንገድ ያስጠግናል፤ በየመገናኛው መወጣጫ ያሠራል፤ ደጅ ድረስ የሚመጣ የትራንስፖርት አገልግሎት ይደጉማል። ከዚህም በላይ፣ ነፃና ገደብ የለሽ ማቆሚያ የመጀመሪያውን መብት ራሱን ይበላዋል። አካል ጉዳተኛው ከምንም በፊት የሚፈልገው ሲደርስ ባዶ ሆኖ የሚጠብቀው ቦታ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የማይነቃነቁ መኪኖች መንገዱን ከሞሉት፣ በእጁ ያለው ካርድ ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ ቤት ከመመለስ አያድነውም።

ሌላው ተቃውሞ የአካል ጉዳተኛው ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ጊዜ አይደለም የሚል ነው። ከመኪና መውረድ፣ ዊልቸር መዘርጋት፣ ሊፍት ፍለጋ መዞር ሰዓት ይበላል፤ ለሌላው ሁለት ሰዓት የሚበቃው ጉዳይ ለእሱ አራት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ፍጹም ትክክል ነው፤ መልሱም ክፍያን ማስቀረት ሳይሆን ጊዜን ማራዘም ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ የሚተዳደሩባት ዋሽንግተን ዲሲ በ2017 በመሀል ከተማ ይህንኑ አደረገች። አናታቸው ቀይ የተቀባ ቆጣሪዎች ያሉባቸው ቦታዎች ለባለ ካርድ ብቻ ተለዩ፤ ባለ ካርዱ እንደ ሰው ሁሉ ይከፍላል፣ የሚቆምበት ጊዜ ግን እጥፍ ነው። ወንዙን ተሻግራ ያለችው የቨርጂኒያዋ አርሊንግተንም ባለ ካርዱን ታስከፍላለች።

ቁጥጥሩን ብቻ እናጥብቅ የሚሉም አሉ። ከፊሉን እደግፋለሁ። ካሊፎርኒያ ከኦዲቱ በኋላ መዝገቧን ከሟቾች መዝገብ ጋር በየጊዜው እንድታመሳክር፣ ቋሚ ካርድም በየስድስት ዓመቱ እንዲታደስ የሚያስገድድ ሕግ ማውጣቷ የዘገየ ቢሆንም ተገቢ ነው። ነገር ግን የካርዱ ዋጋ እንዳለ ሆኖ ጥበቃውን ማክረር ጉዳቱ የሚያርፈው በእውነተኛው ታማሚ ላይ ነው። አጭበርባሪ ጊዜና ገንዘብ አለውና ሁለት ተጨማሪ ቅጽ አይከብደውም፤ እግሯ የከዳት እናት ግን ለእያንዳንዱ ማረጋገጫ ሐኪም ቤት ትመላለሳለች። የሕዝቡ ጥርጣሬም እንዲሁ ይጎዳል። የልብ ሕመም፣ የሳንባ ሕመም፣ በቀን ውስጥ የሚመጣና የሚሄድ የነርቭ ሕመም ከውጭ አይታይም። እንግሊዝ በ2019 ሰማያዊ ካርዷን የማይታይ ጉዳት ላለባቸው ሰዎችም በግልጽ ስትፈቅድ፣ ይህን እውነት በሕግ ማወቋ ነበር። ከመኪና ወርዳ በእግሯ ስትሄድ የታየችን ሴት “አንቺ ምን ሆነሻል?” ብሎ በአደባባይ የሚያፋጥጥ መንገደኛ ፍትሕ ያስከበረ ይመስለዋል፤ ያዋረደው ግን ምናልባት ትንፋሽ አጥሯት በየአሥር እርምጃው የምትቆመውን ሰው ነው። ካርዱ ገንዘብ መሆኑ ሲቀር ይህ ጥርጣሬም ምክንያት ያጣል።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዋ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት መንገዶቿን እያሰፋች የመኪና ማቆሚያዎች እየሠራች ነው፤ በመንገድ ዳርም የተደራጁ ወጣቶች በሰዓት ያስከፍላሉ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ከዚያም በፊት የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። መኪና የሚነዳ አካል ጉዳተኛ በአገራችን ስንት ነውና ነው ስለ ማቆሚያ የሚወራው የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው የተሳሳተው ሾፌር ሾፌሩን ስለሚቆጥር ነው። እኛ ዘንድ አካል ጉዳተኛው በአብዛኛው የሚመጣው በወንድሙ መኪና፣ በጎረቤት መኪና ወይም በታክሲ ተሳፍሮ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ በሰሌዳ ቁጥር ሳይሆን በሰውየው ስም መሰጠት አለበት፤ በየትኛውም መኪና ቢመጣ ይዞት እንዲሄድ። እንዲህ ያለ ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ ለመተላለፍ ቀላል መሆኑን ካሊፎርኒያ አሳይታለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከክፍያ ነፃ ካላደረግነው፣ በምትኩም ረዘም ያለ ጊዜና በር ወለል ብሎ የሚከፈትበት ስፋት ከሰጠነው፣ የሚዋሰው ሰው የሚያገኘው ትርፍ የለም። መጀመሪያ መሠራት ያለበት ቦታም የገበያ ማዕከል ሳይሆን የሆስፒታል፣ የፍርድ ቤትና የወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ነው፤ ሰው ወድዶ ሳይሆን ግድ ሆኖበት የሚሄደው እዚያ ነውና።