ጠርሙሱም አደራ ነው

የልጄ ክርስትና ዕለት፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ሊፈላ ሲል አባባ ከመቀመጫቸው ተነሡና ወደ ቡፌው ሄዱ። ምን ሊያወጡ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሜልቦርን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለሠርጌ ሲመጣ ይዞላቸው የመጣው የአውስትራሊያ ቀይ ወይን ነው። ያኔ «ይሄ የሚከፈተው የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ያየሁ ቀን ነው» ብለው ነበር። ጠርሙሱ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቡፌው መስታወት ጀርባ፣ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ በየሳምንቱ አቧራውን ትወለውለው ነበር።

ቡሹ ሲሳብ ለሁለት ተሰበረ፤ ግማሹም ተፈርፍሮ ወደ ውስጥ ገባ። በሻይ ማጥለያ አጥልለን ቀዳነው። ቀለሙ ቀይ መሆኑ ቀርቶ የሸክላ መልክ ይዟል። አባባ አንድ ጊዜ ፉት አሉና፣ እንግዳ ፊት ነውና ዋጡት። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው «አቼቶ ሆኗል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማታ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ለእናቴ «ልጄ ከባሕር ማዶ ተሸክሞ ያመጣልኝን አደራ አበላሸሁበት» ሲሏት ሰማሁ።

ዘንድሮ ወንድሜ ሊመጣ ነው። ባለፈው ወር ደውሎ «ለልጅሽ ለቁም ነገሯ ቀን የሚቀመጥ ወይን ይዤ ልምጣ? ወይስ ይቅርብን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የተማርኩት ቢዝነስ፣ ሥራዬም ማርኬቲንግ ነው፤ ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ እንጂ ወይን እንዴት እንደሚቀመጥ ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ ለሳምንታት አነበብኩ፤ ወንድሜንም በስልክ ከሱቅ ሱቅ አዞርኩት። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል። ከመካከላችሁ ዘመዱ ውጭ ያለ፣ ቡፌው ላይም ጠርሙስ የቆመለት ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ሁሉም ወይን አይጠብቅም

«ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» ሲባል ሰምተን አድገናል። እውነቱ ግን በዓለም ላይ የሚሠራው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ቀይ ወይን ረጅም ዓመት እንዲጠብቅ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ታኒን ነው፤ ከወይኑ ፍሬ ልጣጭና ዘር የሚወጣ፣ እንደ ወፈረ ሻይ ምላስን የሚያደርቅ ነገር። ሁለተኛው የኮምጣጣነቱ ልክ፣ ሦስተኛው የፍሬው ጣዕም ብርታት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይለሰልሳል፤ ከፊሉም ወርዶ አተላ ይሆናል። የትኩስ ፍሬው ጣዕም ደግሞ ወደ ደረቅ ፍራፍሬ፣ ወደ ቆዳና ወደ ትምባሆ ዓይነት ሽታ ይለወጣል። ከመጀመሪያው ቀለል ያለ ወይን ግን የሚለሰልስ ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ያረጃል።

ስለዚህ በአገራችን የተለመዱትን ወይኖች ቡፌ ላይ አታስረጇቸው። ዝዋይ (ባቱ) ላይ ካስቴል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ ያቀረባቸው ሪፍት ቫሊና አካሺያ፣ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካውም ጉደር በአብዛኛው ለቅርብ ጊዜ ማዕድ የሚሆኑ ናቸው። አንድ ጥቅም ግን አላቸው። ከዝዋዩ ወይን አንዱ «ሲራህ» ይባላል፤ አውስትራሊያውያን «ሺራዝ» የሚሉት ይህንኑ የወይን ዘር ነው። እናንተም ዘመዳችሁን ውድ ነገር ከማስገዛታችሁ በፊት አንድ የዝዋይ ሲራህ ገዝታችሁ ጣዕሙ ይስማማችሁ እንደሆነ ሞክሩት።

ከአውስትራሊያ የትኛው?

ረጅም ዓመት ለሚቀመጥ ቀይ ወይን ሦስት የቦታ ስሞችን ያዙ። በደቡብ አውስትራሊያ ያለው ባሮሳ ሸለቆ በሺራዝ ይታወቃል። በዚያው ክፍለ ሀገር ያለው ኩናዋራ ከኖራ ድንጋይ ላይ በተነጠፈ ቀይ አፈሩ ላይ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለውን ዘር ያበቅላል። በምዕራብ ጠረፍ ያለው ማርጋሬት ሪቨርም በካበርኔ ስም ያተረፈ ነው።

ከእነዚህ ወይኖች በላይ ዝነኛ የሆነው የፔንፎልድስ ኩባንያ «ግራንጅ» ነው። ታሪኩን ለአባባ ስነግራቸው በጣም ወደዱት። ማክስ ሹበርት የተባለው ወይን ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ አውሮፓ ሄዶ በፈረንሳይ ቦርዶ ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጠው ገና ያልሞቱ ወይኖች ቀመሰ። ተመልሶ በ1951 የራሱን ሙከራ ጀመረ። መጀመሪያ የቀመሱት ሰዎች ወይኑን አልወደዱትም። በ1957 አለቆቹ ሥራውን እንዲያቆም አዘዙት፤ እሱ ግን በድብቅ ቀጠለ። ቀደም ብሎ የሠራቸው ጠርሙሶች ዕድሜ አግኝተው እንደገና ሲቀመሱ አስተያየቱ ተገለበጠ፤ በ1960ም በይፋ እንዲቀጥል ተፈቀደለት። «አየሽ፣ የጠሉት ሳይደርስ ስለቀመሱት ነው» አሉ አባባ።

ግራንጅ ዛሬ አንዱ ጠርሙስ ወደ አንድ ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ይጠየቅበታል። እንዲህ ያለውን ከወንድም መጠየቅ ነውር ነው። ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋጋ የሚገኙና ለአሥራ አምስትና ለሃያ ዓመት ስም ያላቸው ግን አሉ። የፔንፎልድስ «ቢን 389» ካበርኔና ሺራዝ የተቀላቀሉበት ነው። «ቢን» የሚለው ቃል ጠርሙሶቹ በመጋዘን ይቀመጡበት ከነበረው ክፍል የመጣ ነው። ከ1954 ጀምሮ የሚሠራው የዊንስ «ብላክ ሌብል» የኩናዋራ ካበርኔ ደግሞ ዋጋው ሳይንር ብዙ ዓመት በመጠበቅ ይታወቃል። እኛም የመረጥነው ይህን ነው።

መለያው ላይ የተጻፈው

እዚህ ላይ ሙያዬን ላጋልጥ። ከባድ ጠርሙስ፣ የወርቅ ቀለም፣ «ሪዘርቭ» የሚል ቃል የእኛ የገበያ ሰዎች ሥራ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ «ሪዘርቭ» በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም፤ ማንም አምራች መለያው ላይ ሊጽፈው ይችላል። እናንተ የምታዩት ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እዩ። በአገሩ ሕግ አንድ ወይን የአንድ አካባቢ ስም ከያዘ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያ የመጣ መሆን አለበት። የዘሩና የመከሩ ዓመት ስምም በዚሁ ልክ ይታያል። «ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ» የሚል ጽሑፍ ግን እጅግ ሰፊ አገር ስለሚሸፍን በአብዛኛው የሚገኘው በዕለት ተዕለት ወይን ላይ ነው።

ቀጥሎ ዓመቱን እዩ። የልጅ ልደት ማስታወሻ ከፈለጋችሁ መለያው ላይ ያለው ቁጥር ፍሬው የተለቀመበት የፈረንጆች ዓመት መሆኑን አትርሱ። አውስትራሊያ ወይን የሚለቀመው በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ልጄ የተወለደችው ኅዳር 2016 ስለሆነ የእሷ ዓመት 2023 ነው። ደግሞም አትቸኩሉ፤ ትልልቆቹ ቀይ ወይኖች ለገበያ የሚቀርቡት ከተለቀሙ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት በኋላ ነው። ልጃችሁ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ የልደቷን ዓመት ወይን ገና ከሱቅ ልታገኙት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ክዳኑን እዩ። ተጠምዝዞ የሚከፈት ክዳን የርካሽ ወይን ምልክት ይመስለን ነበር። አውስትራሊያውያን ግን ብዙ ጥሩ ወይን የሚከድኑት በዚህ ነው። አይደርቅም፣ አይፈረፈርም፣ ቆሞ ቢቀመጥም ጉዳት የለውም። በቡሽ የተከደነ ጠርሙስ ግን የግድ በጎኑ መተኛት አለበት፤ ቡሹ በወይኑ ካልራሰ ደርቆ ይኮማተርና አየር ያስገባል። የአባባን ጠርሙስ ከጎዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ጂንካ ላይ የት ይቀመጥ?

ሌላው ጉዳት ሙቀት ነው። ለረጅም ጊዜ ማቆያ የሚመከረው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የሆነ፣ የማይለዋወጥ፣ ጨለማና የማይነቃነቅ ቦታ ነው። ከተማችን ከቱርሚና ከኦሞራቴ ጋር ስትነጻጸር ነፋሻ ናት፤ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመስል የጂንካ ሰው ያውቀዋል። የግድግዳ ቴርሞሜትር ገዝቼ በአባባ ቤት አራት ቦታ እያዛወርኩ ለካሁ። ቡፌው ከሰዓት በኋላ 29 ዲግሪ አሳየ። በስተኋላ ባለው መኝታ ቤት ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ቦታ 22 ሆነ። በሙቀት የሚቀመጥ ወይን ቶሎ ያረጃል፤ ቀን እየሞቀ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ፈሳሹ እየተነፋና እየተኮማተረ ቡሹን ያላላዋል። ብዙዎቻችን የምንወደው የፍሪጅ አናት ደግሞ ሙቀትም ንዝረትም ያለበት ነውና የባሰ ነው።

የወይን ፍሪጅ የሚባል አለ። ነገር ግን መብራት እየሄደና እየመጣ ሃያ ዓመት ይዘልቃል ብዬ አደራ አልሰጠውም። ስለዚህ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፦ ለጂንካ ልጅ የሚቀመጠው ወይን ጂንካ አይቀመጥም። አክስቴ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በድንጋይ ቤት ትኖራለች። ፀሐይ የማያገኘው ዕቃ ቤቷ ዓመቱን ሙሉ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ፍጹም ባይሆንም የማይለዋወጥ ነው። ወንድሜ የሚያርፈው ቦሌ ስለሆነ ጠርሙሶቹ በኮንሶና በወይጦ ቆላ በመኪና ኮሮጆ ውስጥ መቀቀል የለባቸውም። ጉምሩክ ለመንገደኛ የሚፈቅደውን መጠንም ከመሳፈሩ በፊት እንዲያጣራ ነግሬዋለሁ፤ ካለፈ ቀረጡን ይከፍላል።

አባባ መጀመሪያ ቅር አላቸው። «የቤቴ አደራ ሰው ቤት ይሂድ?» አሉ። ቴርሞሜትሩን አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እሺ፣ አደራ የሚቀመጠው ከሚድንበት ነው» አሉ።

ደጋ ላይ ዘመድ ለሌላችሁ ምክሬ አጭር ነው፦ ጠርሙሱን ጨለማ ክፍል ውስጥ በካርቶን አድርጋችሁ ከወለሉ አስጠጉ፤ ከሦስትና አራት ዓመት በላይም አትጠብቁ። ቤታችሁ አልኮል የማይገባ ከሆነ ደግሞ የእኛ አገር ከወይን የተሻለ ጠባቂ አላት። ከጂንካ የቅዳሜ ገበያ የልጃችሁን ልደት ዓመት የአሪ ማር ግዙና በደረቅ የመስታወት ዕቃ አጥብቃችሁ ክደኑት። እርጥበት ካልገባው ለብዙ ዓመት አይበላሽም። ቢረጋ አትደንግጡ፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ብታቆሙት ይመለሳል።

ስንት ጠርሙስ? መቼስ ይከፈት?

አንድ ጠርሙስ ብቻ ማስቀመጥ ዕጣ መጣል ነው፤ መድረሱን የምታውቁት ከከፈታችሁት በኋላ ነው። ቢቻል ሦስት ይሁን። አንዱ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ተከፍቶ ይቀመስ፤ ገና የሚኮመትር ከሆነ የቀሩት ይቆዩ፣ ከለሰለሰ ሁለተኛውን ብዙ አታዘግዩት። ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው እንክፈት የምትሉም ትንሽ ታገሡ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። በእኛም ቤት የመጨረሻው ጠርሙስ ቀጠሮ ልጄ 21 ዓመት የምትሞላበት ኅዳር 2037 ነው።

ይህን ቀጠሮ በወረቀት ጽፌ ለአባባ ሳነብላቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ዕድሜያቸው 74 ነው። የመጀመሪያው ለ2021 ገና ይከፈታል ስላቸው «ከዚያ በፊት አይቻልም?» አሉኝ።

የዚያኑ ማታ ለወንድሜ ደወልኩና አራት አድርገው አልኩት። ሦስቱ አክስቴ ዘንድ ይተኛሉ። አራተኛው ከእሱ ጋር በአውሮፕላን ጂንካ ይመጣና በዚያው ሳምንት ይከፈታል። ገና ልጅ ወይን ስለሆነ ምላስ ይይዛል፤ ከምሳ ሦስት ሰዓት ቀድሜ በሰፊ ጆግ ገልብጬ አየር አስነካዋለሁ፣ ይህም ያለሰልሰዋል። ከጥብስ ጋር ይቀርባል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚቀዱት አባባ ናቸው።