ግንቡን ያስገነባውና ግንቡን የገነባው

የሕፃናት መጽሐፍ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ኅብረተሰብ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደሚረሳ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ከማንኛውም አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ለልጆች የሚነገረውን ተረትና ታሪክ ነው። ገና ፊደል በመለየት ላይ የሚገኝ ሕፃን በሥዕልና በግጥም የተቀበለውን አመለካከት ካደገ በኋላ በክርክር ማስለቀቅ እጅግ አዳጋች ነውና። ለዚህም የጥንቷ ቻይና ታሪክ፣ ተረትና ግጥም ለሕፃናት የቀረበበት መንገድ በቂ ማስረጃ ይሆነናል።

በፊውዳሊቱ ቻይና ለብዙ መቶ ዓመታት የመጀመሪያ መማሪያ ሆኖ ያገለገለው በ13ኛው መቶ ዓመት እንደተዘጋጀ የሚነገርለት «ሳን ዚ ጂንግ» ነበር። እያንዳንዱ ስንኝ ሦስት ሦስት ፊደል ብቻ ያለው በመሆኑ በቃል ለማጥናት የተመቸ ነው። ንባብንና የነገሥታትን ተራ ከማስተማሩም ጋር ተገዢው ለገዢው፣ ልጅ ለአባት፣ ሚስት ለባል ያለባትን ግዴታ ከልጅነት ጀምሮ በኅሊና ውስጥ ይተክላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጠናቀረው ወላጆቻቸውን ያከበሩ የሃያ አራት ሰዎች ታሪክ ነው። ከነዚህ አንዱ ጉዎ ጁ የተባለ ድሃ እናቱ የምትመገበው እንዳያንስ ሲል ትንሽ ልጁን ከነሕይወቱ ሊቀብር ጉድጓድ ሲቆፍር ወርቅ እንዳገኘ ይተርካል። ትረካው የዚያ ቤት እህል ለምን እንዳነሰ፣ ማንስ እንደወሰደው ፈጽሞ አይጠይቅም።

ታላቁ ደራሲ ሉ ሹን እ.ኤ.አ. በ1926 በጻፈው ጽሑፍ ይህ መጽሐፍ በልጅነቱ ያሳደረበትን ፍርሃት ገልጿል። የቤተሰቡ ኑሮ እያቆለቆለ በመሄዱ፣ አባቱ የጉዎ ጁን አርአያ ቢከተል የሚቀበረው እርሱ ራሱ መሆኑን እያሰበ ይሰጋ ነበር። ይኸው ደራሲ በዚያው ዓመት ስለ ሌላ መጽሐፍም መስክሯል። በልጅነቱ አጥብቆ ይመኘው የነበረውን፣ በአስደናቂ ፍጥረታት ሥዕሎች የተሞላውን «የተራሮችና የባሕሮች መጽሐፍ» ገዝታ ያመጣችለት የተማረ ዘመድ ሳትሆን የመጽሐፉን ስም እንኳ አስተካክላ መጥራት የማትችለው ሞግዚቱ ነበረች። የዚህችን ሠራተኛ እውነተኛ ስም ግን ደራሲው እስከ መጨረሻው አላወቀም። ሁለቱም መጻሕፍት ጥንታዊ ናቸው። አንዱ ሕፃኑን አስፈራራው፤ ሌላው አእምሮውን ከፈተለት። እንግዲህ የጥንት መጽሐፍ ጥንታዊ በመሆኑ ብቻ መርዝም መድኃኒትም እንደማይሆን ከዚህ እንገነዘባለን።

ሁለተኛው ማስረጃ የሜንግ ጂያንግኑ ተረት ነው። ቺን ሺ ሁዋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን በአንድ ዙፋን ሥር ካጠቃለለ በኋላ በሰሜን ድንበር ግንብ ለማሠራት እጅግ ብዙ ሰው በግዳጅ አሰማርቷል። በተረቱ መሠረት ከነዚህ የግዳጅ ሠራተኞች የአንዱ ሚስት የሆነችው ሜንግ ጂያንግኑ ለባሏ የብርድ ወራት ልብስ ይዛ ረጅም መንገድ ተጉዛ ብትደርስ፣ ሞቶ አጥንቱ ከግንቡ ሥር መቀበሩን ሰማች፤ ከለቅሶዋ ጽናት የተነሣም ግንቡ ተናደ።

የታሪክ ምሁሩ ጉ ጂየጋንግ እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው የዚህ ተረት መነሻ ከቺን ሺ ሁዋንግ ግንብ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሚቀድም፣ ባሏ በጦርነት የሞተባት የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ የመበለቲቱ ጉዳይ የኀዘን ሥርዓት አጠባበቅ ብቻ ነበር። ለቅሶውን፣ የሚናደውን ግንብ፣ በመጨረሻም በግዳጅ ሥራ የሞተውን ባል የጨመሩት ተከታታይ ትውልዶች ናቸው። ስለሆነም ሜንግ ጂያንግኑ እንደተረቱ በሕይወት የነበረች ሴት ባትሆንም፣ ተረቱ የያዘው ፍርድ የሰፊው ሕዝብ ፍርድ ነው። የቤተ መንግሥት ጽሑፍ ስሙን ያልመዘገበውን ሟች ሕዝቡ በተረት አቆየው።

በግጥም ረገድም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም። «ሺ ጂንግ» በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ ስብስብ ከያዛቸው 305 ግጥሞች መካከል የእርሻን፣ የፍቅርንና የዘመቻን ኑሮ የሚያሰሙ ብዙ ናቸው። ባይ ጁዪ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የአንድ ሽማግሌ ከሰል ሻጭ ጭነት በቤተ መንግሥት መልእክተኞች በጥቂት ሐር እንዴት እንደተነጠቀ ጽፏል። የሊ ሸን አጭር ግጥም ደግሞ ስለ ገበሬው ድካም የሚናገር ሲሆን እስከ ዛሬ የቻይና ሕፃናት በቃላቸው ይይዙታል። ስለ ጨረቃና ስለ አበባ የተገጠመውም ውበት የሰው ልጅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ሕፃኑ ከሰል ሻጩን ሳያውቅ ጨረቃዋን ብቻ ይዞ እንዲያድግ ማድረግ የጥንቷን ቻይና እኩሌታ መደበቅ ነው።

ይሁንና ያለፈውን በመተቸት ስም ያለፈውን መደምሰስም ከባድ ጥፋት መሆኑን የቻይና ታሪክ ራሱ አረጋግጧል። ሉ ሹን እ.ኤ.አ. በ1932 ተከታታይ ሥዕሎችን ከናቋቸው ምሁራን ተከላክሎላቸው ነበር። እነዚህ በመዳፍ የሚያዙ የሥዕል መጻሕፍት በየመንገዱ በትንሽ ሳንቲም እየተከራዩ ብዙ ያልተማረውን ሠራተኛና ሕፃናትን ከጥንቱ ታሪክ ጋር ያገናኙ ነበሩ። ከ1966 እስከ 1976 በቆየው የባህል አብዮት ግን የጥንት ታሪክ የነገሥታትና የጦር አለቆች ውዳሴ ነው ተብሎ በጅምላ ተወገዘ። በ1974 በኮንፊሽየስ ላይ በተካሄደው ዘመቻ ቺን ሺ ሁዋንግ ሲወደስ፣ የሜንግ ጂያንግኑ ተረት በአድኃሪነት ተከሰሰ። ለጭቁኑ ቆሜአለሁ የሚለው ዘመቻ አስገንቢውን አመስግኖ የገንቢውን መበለት ኮነነ።

ከዚህ የተሻለውን መንገድ ያሳየው ሊን ሃንዳ ነው። መሃይምነትን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ በኃላፊነት የሠራው ይህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1957 በተጀመረው ፀረ ቀኝ ዘመቻ ተወንጅሎ ከሥልጣኑ ተነሥቷል። በ1972 ቢሞትም፣ በሕዝቡ የንግግር ቋንቋ የጀመረው የታሪክ ትረካ በጻኦ ዩጃንግ ተሟልቶ ከ1979 ጀምሮ በሻንጋይ ለሕፃናት ታትሟል። ርእሱ የአምስት ሺህ ዓመታትን ታሪክ የሚያመለክት ነው። የዚህ ሥራ ቁም ነገር ታሪክን ሳያቃልል ቋንቋውን ማቅለሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት በጥንቷ ቻይና ላይ የሚዘጋጅ የሕፃናት መጽሐፍ ሊያሟላ የሚገባውን መለየት አያዳግትም። አንደኛ፣ ተረቱ ተረት፣ ታሪኩም ታሪክ መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ዛሬ የሚታየው የጡብ ግንብ በአብዛኛው የሚንግ ዘመን ሥራ ሆኖ ሳለ ቺን ሺ ሁዋንግ እንዳሠራው አድርጎ መሣል ሕፃኑን ማሳሳት ነው። ሁለተኛ፣ ዙፋኑ በተሣለበት ገጽ ድንጋይ ተሸካሚው፣ ሐር ፈታዩዋና ገበሬው ቦታ ሊያገኙ ይገባል። ሦስተኛ፣ ግጥሙ በቃል ከመጠናቱ ጋር ማን ስለ ማን እንደተናገረ መገለጽ አለበት። አራተኛ፣ እንደ ጉዎ ጁ ያለው ጭካኔ አርአያ ሆኖ አይቅረብ፤ ሕፃኑ «ይህ ትክክል ነውን?» ብሎ እንዲጠይቅበት እንጂ።

ይህ ኃላፊነት የደራሲውና የአሳታሚው ብቻ አይደለም። ከሥራ መልስ ለልጁ የሚያነብ ወላጅ መጽሐፉን ገልጦ «ግንቡን ማን አስገነባው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ማንስ ገነባው?» የሚለውን ሊያስከትል ይገባል። መጽሐፉ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ወላጁ የሜንግ ጂያንግኑን ተረት ይጨምርበት። ተረቱን ለሁለት ሺህ ዓመታት ያሳደገው ሕዝብ ያደረገው ይህንኑ ነበርና።