ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ካሎሪ ከመቀነሱ በፊት ይለካ

የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ከወራት በኋላ «የምበላው ጥቂት ነው፤ ክብደቴ ግን አልወርድ አለኝ» የሚል ታካሚ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምላሾች አንዱ ይጠብቀዋል፦ «የሚበሉትን ሁሉ አልነገሩንም» የሚል ጥርጣሬ ወይም «ካሎሪዎን ይበልጥ ይቀንሱ» የሚል ምክር። በእኔ አመለካከት ሁለቱም ያለ ልኬት የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጤናን ሊጎዳ ይችላል።

ጥርጣሬው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየተመገቡ ክብደት መቀነስ እንዳቃታቸው የተናገሩ 10 ሰዎችን መርምሮ፣ የሚመገቡትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው እንደሚገልጹ አሳይቷል። ሆኖም አሳንሶ መገመት ሁልጊዜ መዋሸት አይደለም። በተለይ ቤተሰብ ከአንድ ትሪ በጋራ በሚመገብበት፣ ጉርሻም በማይቆጠርበት ማዕዳችን፣ ሰው ለብቻው ምን ያህል እንጀራ እንደበላና በወጡ ውስጥ ምን ያህል ዘይት እንደነበረ ራሱም በትክክል ሊያውቅ አይችልም።

በሌላ በኩል፣ የክብደት አወራረድ መዘግየት ብቻውን የታካሚው ጥፋት ምልክት አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የስዊድን የረጅም ጊዜ ጥናት እንዳመለከተው፣ የጨጓራ ባይፓስ ያደረጉ ሰዎች ከፍተኛ ቅናሽ በአማካይ ከመነሻ ክብደታቸው 32 በመቶ ነበር፤ በጨጓራ ቀለበት የታከሙት ግን 20 በመቶ ላይ ቆመዋል። ሁለቱም እዚህ የደረሱት ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በ10ኛው ዓመት ቅናሹ ወደ 25 እና 14 በመቶ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ «ዘገየ» ከማለት በፊት የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና ያለፈው ጊዜ ሊታይ ይገባል። ከዚህም በላይ ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለው ኃይል ስለሚቀንስ፣ 1 ኪሎ ግራምን በ7,700 ካሎሪ የሚያሰላው የተለመደ ቀመር ለብዙ ወራት ትንበያ አያገለግልም።

ያለ ልኬት የሚደረግ ቅነሳ ዋጋ ያስከፍላል። ታካሚው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል፤ ከዚህ ሲጎድል ጡንቻው ይመነምናል፣ የሚያቃጥለውም ኃይል ይበልጥ ይቀንሳል። የሚያስታውክ ከሆነ ደግሞ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አንጎልንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

ስለሆነም የሥነ ምግብ ባለሙያዎቻችን ቅነሳን ከማዘዛቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያስቀድሙ መልካም ነው፦ የታካሚው ምግብ ለጥቂት ቀናት በተለየ ሳህን ቀርቦ ይመዘን፤ ፕሮቲኑ ለብቻው ይሰላ፤ ማስታወክና ክብደት የሚጨምሩ መድኃኒቶች ይጣሩ። ለእኛ ለተመራማሪዎችም የቤት ሥራ አለ፤ በጋራ ማዕድ ላይ የግለሰብን ድርሻ የሚለካ ዘዴ ማዘጋጀትና መፈተሽ ይጠበቅብናል። ያ እስኪሆን ድረስ ታካሚውን በግምት ከመውቀስ ብንቆጠብ ይሻላል።